ዓሊ ዴሬ ለምን ሞተ? ከድሬዳዋ እስከ ሐርጌሳ፣ የስድስት ቀን ማስታወሻ

ቀን 1፦ ድሬዳዋ

ድሬ የገባሁት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። የመጣሁበት አውቶቡስ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ጎማ ቀይሯል። ቲቪው ያለው አንድ ኮሜዲ ፊልም ብቻ ነው፤ ሦስት ጊዜ አየነው። በሦስተኛው ከኋላዬ የተቀመጠው ሰውዬ ከተዋናዩ ቀድሞ መናገር ጀመረ። እውነቱን ለመናገር ከተዋናዩ ይሻላል።

የመጣሁት አራስ ልጠይቅ ነው። የልጅነት ጓደኛዬ ጅግጅጋ ላይ ወልዳለች። ከዚያ አልፌ ሐርጌሳን የማየት ሐሳብም አለኝ፤ ቪዛውን አዲስ አበባ ካለው የሶማሌላንድ ቢሮ አስመትቼ ይዣለሁ። ለአራሷ ቅቤና ማር፣ ለሕፃኑ ልብስ። ሻንጣዬ ይኸው ነው።

ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ «የት ልውሰድሽ አቦ?» አለኝ። መጋላ አልኩት። ከዚራ በዛፎቿ ጥላ ታምራለች፤ እኔ ግን የደቻቱ ወንዝ ማዶ ልጅ ነኝ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ከዚራ በመስመር ተሠርታ ለባቡሩ ሰዎች ሆነች፤ መጋላ እንደፈለጋት አደገች። እኛም እንደዚያው።

ድሮ ቪዲዮ ቤት የነበረበትን ግቢ አገኘሁት። አሁን የጫማ መጋዘን ነው። ያኔ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን በጠባብ አግዳሚ ላይ እንደ ሰርዲን ተጠጋግተን የህንድ ፊልም እናይ ነበር። ትርጉም የለውም። ከሥር የሚሮጥ ጽሑፍ ካለም እንግሊዝኛ ነው፤ ማን ያነበዋል? የሚተርክልን ግን አንድ ልጅ ነበር፤ ከእኛ ሁለት ዓመት ቢበልጥ ነው። ፊት ለፊት ይቀመጥና ግማሹን በሶማሊኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ የቀረውን በአማርኛ ይነግረናል። «ይሄኛው ወንድሙ ነው፣ ግን አያውቅም» ይላል። «አሁን እናቱ ልትታወር ነው።» ህንድኛ የሚችል ይመስለን ነበር። ካደግን በኋላ ስንጠይቀው አንዲት ቃል አያውቅም። ከራሱ ነበር የሚያወራው። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ግን ከእሱ ሒሳብ ተቀብሎ አያውቅም።

ማታ ፈጢራ በላሁ። ሙሸበክ ለመንገድ አስቋጠርኩ። መኝታዬ ላይ ሆኜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፦ የመጣሁበት ባጃጅ ራሱ ህንድ ነው። የፋብሪካው ስም ነው ለእኛ የተሽከርካሪው ስም ሆኖ የቀረው።

ቀን 2፦ ወደ ጅግጅጋ

ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ደንገጎን ስንወጣ ነፋሱ ተቀየረ። ሐረር ላይ ለቁርስ ቆምን። ጀጎል ውስጥ ቱሪስት ሁሉ የሚጎበኘው «ራምቦ ቤት» አለ። በፈረንሳዊው ባለቅኔ ስም ይጠራል እንጂ ያሠራው ህንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ያውም ባለቅኔው ከሞተ በኋላ። ከእንጨት የተፈለፈለውን ፊቱን ያየ ሰው ፓሪስ ትዝ አይለውም። ህንዶች በዚህ በኩል ፊልማቸው ሳይመጣ በፊት በጨርቅና በቅመም መጥተዋል።

ባቢሌ ለውዝ ገዛን። ከዚያ የዳካታ ሸለቆ። አንዱ ድንጋይ በሌላው ጫፍ ላይ ተቀምጦ «ልወድቅ ነው» እያለ ስንት ዘመን የቆየበት ቦታ ነው። ጫት የጫነ አይሱዙ ባለፈን ቁጥር ሾፌራችን ዱዓ ያደርጋል።

ከጎኔ አሥራ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ተቀምጧል። ስልኩን ከፊቱ ወንበር ኪስ ላይ አቁሞ ፊልም ከፈተ። ጆሮ ማዳመጫ የለውም፤ ሚኒባሱ ሁሉ ሰማው፤ ማንም አልተቆጣም። ምስሉ የህንድ ነው፦ ቀይ ሳሪ፣ ወርቅ፣ ዝናብ። ድምፁ ሶማሊኛ። አንድ ወንድ ለጀግናውም ለአባትየውም ለወንበዴውም ይናገራል። አንዲት ሴት ለእናትየውም ለልጅቷም። ከሥር ዋናው ህንድኛ ድምፅ ቀስ ብሎ ይሰማል፤ ግድግዳ ጀርባ ያለ ጎረቤት ይመስላል። ዘፈኑ ሲመጣ ተርጓሚው ዝም አለና ህንድኛው ሙሉ ድምፁን አገኘ። ዘፈኑ ሲያልቅ ተርጓሚው ተመለሰ።

«ይሄ አቶሬው ነው» አለኝ ልጁ በጣቱ እያሳየ። አቶሬ ማለት ዋናው ተዋናይ ነው፤ ሴቷ ደግሞ አታሪሾ። ከጣልያንኛ የቀረ ቃል ነው። በጣልያንኛ ስም የሚጠራ ህንዳዊ፣ በሶማሊኛ ሲያለቅስ፣ በጃፓን ሚኒባስ። ደስ አለኝ።

ካራማራን ስንሻገር ኔትወርክ ጠፋ። ልጁ ግን አልተቸገረም። ፊልሙ ሚሞሪው ላይ ነው።

ቀን 3፦ ጅግጅጋ፣ አራስ ቤት

ሶማሌዎች አራስን አርባ ቀን ያቆዩዋታል። «አፈርተንባህ» ይሉታል፤ አርባ መውጣት እንደማለት ነው። አርባ ቀን ሙሉ ሴቱ ይመጣል፣ ኡንሲ ይጨሳል፣ ሻይ ይፈላል። ቲቪ ደግሞ አይጠፋም። ገና በሩን ሳልፍ የዕጣኑ ጭስ አፈነኝ፤ ከጭሱ ውስጥ የህንድ ቫዮሊን ይሰማል።

ጓደኛዬ ፍራሽ ላይ ተደግፋ ሕፃኑን ታጠባለች። ዙሪያዋን አሥር ሴት። መሃል ላይ አያቷ። ሁሉም «አዬዮ» ነው የሚላት፤ አያቴ ማለት ነው። እኔም አዬዮ አልኳት። አዲስ አበባ ያደገ አንባቢ «ላት» ስል እንዳይቀየመኝ፤ ድሬ ላደገ ሰው አንቱታ ወደ አፉ አይመጣለትም። ሶማሊኛውም ውስጥ የለም። ክብሩ ያለው «አዬዮ» የምትለው ቃል ላይ ነው።

ቲቪው ጎን ፍላሽ ተሰክቷል። ማዕዘኑ ላይ የአሳታሚው አርማ ይታያል። ፋንፕሮጅ፣ አስታን፣ ሳፊ፤ ልጆቹ እነዚህን ስሞች እኛ የአርሰናልና የማንቼን ያህል ይከራከሩባቸዋል። «የሳፊ ተርጓሚ ይበልጣል።» «ያኛው ሲያለቅስ አያምርበትም።» ጀግናውን ማን እንደሠራው ሳይሆን ማን እንደተረጎመው ነው የሚጠይቁት። አንዷ ጎረቤት ዓይኗን ሕፃኑ ላይ አድርጋ ድምፁን ብቻ እየሰማች ሳቀች። ምስሉን አላየችውም።

አንድ ትዕይንት ላይ የቤተ መቅደስ ካህን ግንባሩን ቀለም ተቀብቶ፣ ደወሉን እየመታ ይናገራል። በሶማሊኛ «ወላሂ!» ብሎ ማለ። ፈገግ አልኩ። ቤቱ ውስጥ የሳቀ የለም፤ ሰው ሲምል ታዲያ ምን ሊል ነው? ልጁ አጎቱን «አብቲ» ሲለው ደግሞ ሴቶቹ ወዲያው የእናት ወንድም መሆኑን ያውቃሉ። የአባት ወንድም ቢሆን «አዴር» ይለው ነበር። እኛ በአማርኛ ሁለቱንም አጎት ብለን እንገላገላለን፤ ለሶማሌ ግን በአብቲና በአዴር መካከል ስንት ነገር አለ። ተርጓሚው አንዷን ቃል ሲመርጥ የቤተሰቡን ዛፍ ነው የሚስለው።

እኔ የለመድኩት ትርጉም ሌላ ነው። ቃና እ.ኤ.አ. በ2016 ሲመጣ ለእያንዳንዱ ቱርካዊ ተዋናይ የራሱ አማርኛ ተናጋሪ ተሰጥቶት ነበር፤ ከከንፈሩ ጋር ሊገጥም ይታገላል። የአገሬ የፊልም ሰዎች ያኔ እንዴት እንደተቆጡ አስታውሳለሁ። የእኛ ትርጉም «እኔ የለሁም» ሊል ይሞክራል። ይሄኛው አይደብቅም። «አለሁ፣ ልንገርህ» ይላል። ከቃና በፊት በሲዲ ይሸጥ የነበረው የኛ «ትርጉም ፊልም» ለዚህ ይቀርባል፤ ያን ግን እኛ ትልልቆቹ እንንቀው ነበር። አሁን አፈርኩ።

የህንድ ፊልም ብቻ ለምን በረታ ብዬ ጠየቅሁ። ቱርክም አለ፣ ኮርያም ይመጣል፤ ግን ህንድ ይበልጣል አሉኝ። ሁሉም የየራሷን ምክንያት ሰጠች። አንዷ ልብሱ ነው አለች። አንዷ ዘፈኑ። አንዷ ጋብቻው አለች፦ የቤተሰብ ምርጫ፣ የልጅቷ እንቢታ፣ የሽማግሌ ልመና። አንዲት ዝምተኛ የምትመስል ሴት ግን ሻይዋን አስቀመጠችና «የአሜሪካ ፊልም ውስጥ እናት የለችም» አለች። ከዚያ በኋላ የተናገረ የለም።

ይቺን ዓረፍተ ነገር እስከ ማታ አኘክኋት። እውነት ነው። እዚያ ጀግናው ብቻውን ይመጣል፣ ብቻውን ይሄዳል። የህንዱ ጀግና እናት አለችው፤ ወይ ጠፍታበታለች፣ ወይ ታማበታለች፣ ወይ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። በጦርነት ተበትኖ ያደገ ሕዝብ በልጅነት የተለያዩ ወንድማማቾች በመጨረሻ ሲገናኙ ቢያለቅስ ምን ይገርማል?

አንድ ነገር ልጨምር። «ሂንዲ» የሚሉት ሁሉ ሂንዲ አይደለም። ከማየው ግማሹ ከደቡብ ህንድ የመጣ ነው፤ ቋንቋው ቴሉጉ ነው፣ ወይ ታሚል። መኪና በአንድ እጁ የሚያነሳ ባለ ጢም ካያችሁ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው። እዚህ ቤት ለማንም ግድ የለውም። ሶማሊኛ እስከተናገረ ድረስ ሂንዲ ነው።

አመሻሽ ላይ አዬዮ ጠራችኝ። ጓደኛዬ አስተረጎመችን።

«ዓሊ ዴሬን ታውቂዋለሽ?»

አላውቀውም አልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ዓሊ ዴሬ አሚታብ ባቻን ነው! «ዴሬ» ረጅሙ ማለት ነው። ሶማሌ ቅጽል ስም ሳያወጣ ሰው አያሳልፍም፤ ቦሊውድም አላመለጠም። አሚታብ ገና ወጣት ሳለ ሶማሌዎች ዓሊ ብለው የራሳቸው አደረጉት።

አዬዮ የሐርጌሳ ልጅ ናት። በወጣትነቷ «ሺኔሞ»፣ ማለት ሲኒማ ቤት፣ ትገባ ነበር፤ ጣሪያ የሌለው፣ ማታ ማታ ብቻ የሚከፈት። እዚያ ሾሌን አየች። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ታላቁ ፊልም። ያኔ በሶማሊኛ አልተተረጎመም። ታሪኩን እንዲህ ነገረችኝ፦ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። አንደኛው ዓሊ ዴሬ። እጆቹ የተቆረጡት ሰውዬ አብቲያቸው ነው። ወንበዴው እጁን ቆርጦበታል። ልጆቹ ለአብቲያቸው ማግ ሊያስከፍሉ ይመጣሉ፤ ማግ የደም ካሳ ነው። ዓሊ ዴሬ ሁለቱም ፊቱ አንድ የሆነ ሳንቲም አለው፤ ሲወረውር ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያሸንፈው። በእሱ ወንድሙን አታልሎ ወደ ኋላ ይልከውና ብቻውን ቀርቶ ይሞታል።

«ያን ቀን ሺኔሞው ውስጥ ወንዶች ጫማቸውን መጋረጃው ላይ ወረወሩ» አለች። «ዓሊ ዴሬ እንዴት ይሞታል!»

እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በሲያድ ባሬ መንግሥት አውሮፕላኖች ስትደበደብ አዬዮ ልጆቿን ይዛ በእግሯ ተሰደደች። ከጅግጅጋ ወዲያ ያለው ሐርተሼክ መጠለያ ገባች። በዓለም ካሉት ትልልቅ የስደተኛ መጠለያዎች አንዱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ተዘጋ። ሌሎቹ ሲመለሱ እሷ ጅግጅጋ ቀረች። «ሐርጌሳ ከሄድሽ ሺኔሞው የነበረበትን ቦታ አይተሽልኝ ነይ» አለችኝ።

ቀን 4፦ ውጫሌ

ከጅግጅጋ እስከ ድንበሩ ሜዳ ነው። ሰባ ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ፣ ግመል፣ ላስቲክ፣ ግመል። ድንበሩ ላይ ያለችው ውጫሌ አቧራ ናት። ወዲህ ማዶ ብር፣ ወዲያ ማዶ ሺሊንግ በጆንያ። ፓስፖርቴ ላይ ማህተም የሚመታው ሰውዬ አማርኛ ይችላል። «ለሥራ ነው?» አለኝ። ለፊልም አልኩት። ጋዜጠኛ መስዬው ሊያቆየኝ ነበር። የህንድ ፊልም ስል ማህተሙን ዷ! አደረገው።

ወደ ሐርጌሳ የምትሄድ መኪና ውስጥ ከኋላ አራት ሆነን ተጣብቀን ተቀመጥን። በመንገዱ ቀኝ ነው የሚነዱት፤ መሪው ግን በቀኝ በኩል ነው። ሾፌሩ ከባድ መኪና ለመቅደም ሲፈልግ ግራ የተቀመጠውን ሰው «ይመጣል?» ብሎ ይጠይቃል። ያ ሰውዬ እንቅልፋም ነበር። ከዚህ በላይ ስለ መንገዱ መጻፍ አልፈልግም።

ቀን 5፦ ሐርጌሳ

ጠዋት ወደ መሃል ከተማ ወጣሁ። የወደቀው ሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሆኖ ቆሟል፤ ሕዝቡ ከሥሩ ይገበያያል። በ1988 ከተማዋን የደበደቡት አውሮፕላኖች ከዚያችው ከተማ አየር ማረፊያ እየተነሱ እንደነበር ስታስቡ ሆድ ይረብሻል። ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ ገንዘብ መንዛሪዎች የሺሊንግ ክምር እንደ ጡብ ደርድረው ይተኛሉ። የሚሰርቃቸው የለም። ለመስረቅ ጋሪ ያስፈልጋል። ሰዉ ግን አብዛኛውን ነገር የሚከፍለው በስልክ፣ በዛድ ነው፤ ሻይ ሻጯም ጭምር።

ሺኔሞውን ፍለጋ ሦስት ሽማግሌዎች ጠየቅሁ። አንደኛው ከድልድዩ ወዲህ ነው አለኝ። ሁለተኛው ወዲያ። ሦስተኛው ሁለቱንም ተሳደበና እጄን ይዞ አንድ የምንጣፍ መደብር ፊት አቆመኝ። «እዚህ ነበር፤ አምስት ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ» አለ። ፎቶ አነሳሁ። ስንመለስ ሁለቱ ሽማግሌዎች አሁንም እየተጨቃጨቁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጓደኛዬ ባል ዘመድ ወደ አንድ ተርጓሚ ወሰደኝ። ስሜ ይቅር ብሏል። አማርኛውን የተማረው ድሬ ነው፤ ስለዚህ ያለ አስተርጓሚ አወራን። ስቱዲዮው አንድ ክፍል ናት። መስኮቱ በፍራሽ ተደፍኗል፤ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። አንድ ማይክ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ የሻይ ፔርሙዝ። ሙቀቱ አይጣል ነው። ማራገቢያ አለ፤ ድምፅ እንዳይገባ ሲቀዱ ያጠፉታል።

ህንድኛ ከየት ተማርክ አልኩት። ሃይደራባድ ኮምፒውተር ሊማር ሄዶ። ህንድ አገር የሚማር ሶማሌ ብዙ ነው። «ኮምፒውተሩን ረሳሁት፣ ቋንቋው ቀረ» አለ። የማይገባው ቦታ ላይ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ያያል። ያም ካልገባው?

«ያኔማ የምንለውን እናውቃለን» አለና ሳቀ።

የመጋላው ልጅ ትዝ አለኝ።

አሠራሩን አሳየኝ። መጀመሪያ ፊልሙን ሙሉውን ያያል። ሁለተኛ ጊዜ እያቆመ ማስታወሻ ይይዛል፤ ቃል በቃል አይጽፍም። ከዚያ ማይኩ ፊት ይቀመጣል። እሱ ሲናገር የዋናው ፊልም ድምፅ ዝቅ ይላል፣ ሲጨርስ ከፍ። የሴቶቹን ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ አለች፤ ቤተሰቧ ድምፅዋን በፊልም ውስጥ እንዳወቁባት ግን አታውቅም። ሁለት ሰዓት ተኩል ፊልም ቀናት ይፈጃል። አዲስ ፊልም ሲወጣ ደግሞ ተፎካካሪ ስላለ ሌሊት ነው የሚሠሩት። ለፊልሙ ባለቤቶች ታስፈቅዳላችሁ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ሻይ ቀዳልኝ።

ዘፈኑን ለምን አትተረጉሙም?

«ዘፈን አንነካም። ዘፈኑ ሲመጣ ሰዉ ሻይ ያፈላል።» ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ቁም ነገሩን ተናገረ። ዘፈኑን ሶማሌው ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል አለ። ይህ እውነት ነው። ከባሕሩ ማዶ ያለችው የየመኗ ኤደን እ.ኤ.አ. እስከ 1937 ድረስ የምትተዳደረው ከእንግሊዝ ህንድ ጋር ነበር። የሶማሌ ዘመናዊ ሙዚቃ አባት የሚባለው አብዱላሂ ቃርሼ ያደገው እዚያ ነው። ይህች የሶማሌላንድ ምድርም በቅኝ ግዛቱ መጀመሪያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. እስከ 1898፣ የምትታዘዘው ከህንድ በኩል ነበር። ስለዚህ የህንድ ዜማ ለሐርጌሳ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ትርጉሙን ባያውቅም ያንጎራጉረዋል።

ተርጓሚው በጣም የሚኮራበት አንድ ነገር አለ። ጀግናው ከመደባደቡ በፊት የሚናገራትን ንግግር በግጥም ነው የሚያደርጋት። ፊደሉ እየተደጋገመ ቤት እንዲመታ ይመርጣል፤ በሶማሊኛ ግጥም የአንድ ድምፅ ፊደል መስመሩን ሁሉ መምራት አለበት። አንዱን ክፍል አሰማኝ። ቃሉ ሁሉ አልገባኝም፤ «ደ» «ደ» «ደ» እያለ እንደ ከበሮ ሲወርድ ግን ሰማሁት። በህንድኛው ሰውዬው ያለው «ና ሞክረኝ» ብቻ ነው አለኝ።

ሶማሊኛ በላቲን ፊደል የራሱን ጽሕፈት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ከዚያ በፊትም ቢሆን ግን ግጥሙ ከአፍ ወደ ጆሮ እየተሻገረ አገር ያዳርስ ነበር። ከ1943 ጀምሮ ሬዲዮ ሐርጌሳ፣ ከ1957 ጀምሮ የቢቢሲ ሶማሊኛ። ጆሮው የሰለጠነ ሕዝብ ነው። ከሥር የሚሮጥ ጽሑፍ ብትሰጠው አያነብም ማለት አይደለም፤ ግን ማን ነገረኝ ይልሃል? ድምፅ ይፈልጋል።

ሁሉም ደስተኛ አይደለም። ማታ ሆቴሉ ውስጥ ከሞቃዲሾ የመጣ ሰው አገኘሁ። እንግሊዝኛ በጣም ይችላል። አል ሸባብ በያዘው አካባቢ ፊልም ማየት የሚያስቀጣ እንደነበር፣ ሰዉ ስልኩን እየደበቀ ያይ እንደነበር ነገረኝ። ሞቃዲሾ ያለው ብሔራዊ ቴአትር ከስንት ዘመን በኋላ እንደገና ፊልም ያሳየው እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 ነው። የታየው ግን ሶማሌዎች የሠሩት ፊልም ነበር። ሰውዬው የህንዱን ትርጉም አይወደውም። «ይህ ሁሉ ተሰጥኦ ለሰው ፊልም ድምፅ መሆኑ ያናድደኛል» አለ። «ለምን የራሳችንን አንሠራም?» ትክክል ነው። ትንሽ ቆይቶ ግን ሆቴሉ ቲቪ ላይ ሳልማን ኻን ሲመጣ ወንበሩን አዞረ።

ከመተኛቴ በፊት አንድ ሱቅ ገባሁና ፍላሽ ሰጠሁት። ሾሌ በሶማሊኛ አለህ ወይ? ልጁ ዝርዝሩን ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች ወሰደው። አለ። አንድ ዶላር።

ቀን 6፦ ጅግጅጋ

ተመልሼ ስገባ መሽቷል። ፎቶውን ለአዬዮ አሳየኋት። መነጽሯን አስመጣች። ምንጣፍ መደብሩን አቅርባ፣ አርቃ አየችው። «አይደለም» አለች። ሦስተኛው ሽማግሌ ያን ሁሉ የደከመው በከንቱ ነው።

ፍላሹን ስሰካ ግን አዬዮ ትራሷን አስተካከለች። ሴቶቹ ተሰበሰቡ። ሕፃኑን አንዷ ታቀፈችው። ባቡሩ መጣ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች መጡ፣ ዓሊ ዴሬ ሲታይ ቤቱ እልል አለ። ተርጓሚው የሐርጌሳው ሰውዬ አይደለም፤ ድምፁ ወጣት ነው።

አዬዮ ይህን ፊልም ስትወደው ከኖረች ወዲህ ምን እንደሚባባሉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። አሥር ደቂቃ ዝም ብላ ሰማች። ግንባሯ መጨማደድ ጀመረ። ተርጓሚው ሁለቱ ወንድማማች አይደሉም፣ ጓደኛሞች ናቸው አለ። አዬዮ ጉሮሮዋን ጠረገች። ተርጓሚው ሌቦች ናቸው አለ። አዬዮ ወደ እኔ ዞረች፤ ፍላሹን ያመጣሁት እኔ ነኝና። ባለ እጀ ቆራጣው የድሮ ፖሊስ ነው፣ ወንበዴውን እንዲይዙለት በገንዘብ ቀጥሯቸዋል ሲል ግን አልቻለችም።

«በገንዘብ?» አለች። «ለገንዘብ ማን ይሞታል? ይሄ ልጅ ተሳስቷል።»

ጓደኛዬ አዬዮ ፊልሙ እኮ እንዲህ ነው አለቻት። አዬዮ አልሰማቻትም። ልጅቷን ድምፁን ቀንሺው አለቻት። ልጅቷ እኛን አየች፣ አዬዮን አየች፣ ቀነሰችው።

ከዚያ አዬዮ ራሷ ጀመረች። ይህ ወንድሙ ነው፤ እናታቸው ስትሞት ታናሽህን ጠብቅ ብላዋለች። ይህ አብቲያቸው ነው። ይቺ መብራት የምታጠፋዋ ሴት ባሏ ሞቶባታል፣ ዓሊ ዴሬን ወዳዋለች፣ ግን ነውር ነው፣ አትናገርም። ጓደኛዬ በጆሮዬ ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። አንዳንዷ ቦታ ላይ ጓደኛዬም ከራሷ ጨመር እንደምታደርግ ጠረጠርኩ። ተርጓሚው ከሥር እንደ ጎረቤት ያጉረመርማል፤ ከእሱም ሥር ህንድኛው። ሴቶቹ የሚሰሙት አዬዮን ነው።

ዘፈኑ ሲጀምር ዝም አለች። ልጅቷ ሳትታዘዝ ድምፁን ጨመረችው። አዬዮ ባዶ ብርጭቆዋን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፤ ፔርሙዙ እኔ ጋ ነበር።